በትውልድ አገር መጦር
ከደቡብ አፍሪካና ከሌላው ዓለም ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ዱራሜና ወደ አካባቢው ከተሞች ለሚመለሱ አረጋውያን የኑሮ ወጪና ምርጫ የቀረበ ዳሰሳ

ከሥራ ያረፈ ሰው ቀሪ ዘመኑን ኑሮ በሚረክስበት አገር ቢያሳልፍ ይሻለዋልን የሚለው ጥያቄ በሌላው ዓለም ብዙ ዘመን ሲመረመር ከቆየ በኋላ ዛሬ በእኛም ዘንድ በየቤቱ የሚነሣ ሆኗል። አሜሪካዊው ጡረተኛ በወር 1,000 ዶላር ቋሚ የጡረታ ገቢ እንዳለው ሲያስረዳ ፓናማ የመኖሪያ ፈቃድ ትሰጠዋለች፤ ታይላንድም ዕድሜው 50 ዓመት ለሞላና 800,000 ባት በባንክ ላስቀመጠ እንግዳ በሯን ትከፍታለች፤ እንግሊዛዊውም ፀሐይ ፍለጋ ወደ ስፔን ጠረፍ መውረድ ከጀመረ ዘመናት አልፈዋል። እነዚህ ሁሉ ግን ወደማያውቁት ሕዝብ የሚሄዱ መጻተኞች ስለሆኑ ሒሳባቸው አጭር ነው፤ የቤት ኪራዩን፣ የምግቡንና የሐኪሙን ዋጋ በሁለቱ አገሮች አስተያይተው የቀለለውን ይመርጣሉ። የሐዲያና የከምባታ ተወላጅ ግን ከጆሃንስበርግ ወይም ከዋሽንግተን ተነሥቶ፣ በዚያ የማያኖር ገንዘብ በዚህ ያኖረኛል ብሎ ሲመለስ፣ የሚገባባት ከተማ እትብቱ የተቀበረባት፣ አባትና እናቱ ያረፉባት፣ ስሙን የማያውቅ ሰው የሌለባት ስለሆነች፣ በገበያ ዋጋ ብቻ የሠራው ሒሳብ ከዓመት በላይ አይቆምለትም። በዚህ ዳሰሳ ላሳይ የምፈልገውም ይህንኑ ነው፤ የሆሳዕናና የዱራሜ ርካሽነት በገንዘብ ምንዛሪ ላይ ሳይሆን በገንዘብ በማይገዙ ነገሮች ላይ፣ ይኸውም በጓሮው እንሰት፣ በጎረቤትና በዘመድ ላይ የቆመ ነው፤ እነዚህም ነገሮች ራሳቸው ቀለብ የሚሹ ናቸው።

ጥያቄው በአነጋገሩ አዲስ ይሁን እንጂ በግብሩ ከሦስት ትውልድ ወዲህ የታወቀ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ በጀመረበት ዘመን፣ ሸንኮራ ለመቁረጥ ወደ አዋሽ ሸለቆ ከወረዱት ሠራተኞች መካከል የከምባታና የሐዲያ ሰዎች እጅግ ብዙ ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ በመተሐራ እንደዚሁ ሆነ። በ1953 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌ ለመንግሥት አገልጋይ እንጂ ለሸንኮራ ቆራጭ የተሠራ አልነበረም፤ በግል ድርጅት የሚሠራው ሰው የጡረታ ዐዋጅ ያገኘው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ያ ቆራጭ ወገቡ ሲደክም ወደ አንጋጫ ወይም ወደ ሾኔ የሚመለሰው ምን ይዞ እንደ ሆነ ሲጠየቅ፣ መልሱ፣ እርሱ በሌለበት ጊዜ ሚስቱ ስትኮተኩተው የቆየችውን እንሰትና የወንድሞቹን ፊት ብቻ የሚል ነበር። የመንግሥት ቸርነት ያላገኘውን እርጅና የጓሮ ተክል ጦረው።

የዛሬው ተመላሽ ከዚያ ቆራጭ የሚለየው በመንገዱ ርዝመትና ባየው መከራ ነው። በአካባቢው ሰው አነጋገር «ሳውዝ» የምትባለው ደቡብ አፍሪካ በ1990ዎቹ የጎልማሶች ሁሉ ምኞት ከሆነች ወዲህ፣ ከሆሳዕና፣ ከጃጁራ፣ ከሆመቾ፣ ከዶዮገናና ከሺንሺቾ የተነሡ ወጣቶች በኬንያ፣ በታንዛንያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አቋርጠው ወርደዋል። ያልደረሱም አሉ፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ በተዘጋ የጭነት ሣጥን ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። የደረሱት በጆሃንስበርግ በጄፔ መንገድ ከሚገኙት የአበሻ ጅምላ ሻጮች ዕቃ በዱቤ እየወሰዱ፣ በመጀመሪያ በትከሻ ተሸክመው በየቤቱ እያዞሩ፣ በኋላም «ሎኬሽን» በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር የብረት ፍርግርግ ባለው መስኮት በስተኋላ ቆመው እየሸጡ ጥሪት አበጁ። በግንቦት 2000 ዓ.ም. በመጻተኞች ላይ በተነሣው ሁከት ከ60 በላይ ሰዎች ሲገደሉ፣ ሱቃቸው ተዘርፎ ባዶ እጃቸውን እንደገና የጀመሩ ብዙ ናቸው። ስለዚህ በሃምሳ ዓመቱ ወደ ሆሳዕና የሚመለስ ነጋዴ ጡረታ ይወጣ ዘንድ ዕድሜ የጠራው ብቻ ሳይሆን፣ ሌሊት በጭንቀት መንቃት የሰለቸው ሰው ጭምር ነው።

ከእንግዲህ ወደ ገቢው እንለፍ፤ የተመላሾቹ ዕጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለያየው በዚህ ነውና። በአሜሪካ ቢያንስ አሥር ዓመት ግብር እየከፈለ የሠራና 40 የሥራ ነጥብ የሞላ ዜጋ ሆሳዕና ተቀምጦም የማኅበራዊ ዋስትና አበሉን ይቀበላል፤ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን ሕክምና ግን ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልለትም፤ ለድኾች የሚሰጠውም ተጨማሪ ድጎማ ከአገር ለ30 ቀናት ሲወጣ ይቋረጥበታል። በካናዳ የኖረ ሰው የእርጅና አበሉን በውጭ አገር ለዘለቄታው ለማግኘት ከ18 ዓመቱ በኋላ 20 ዓመት በዚያ የኖረ መሆን አለበት። ከእንግሊዝ የሚመለሰው ደግሞ የመንግሥት ጡረታው አይቀርበትም፤ ነገር ግን በእንግሊዝ ለሚኖሩት በየዓመቱ የሚጨመረው ጭማሪ በኢትዮጵያ ለሚኖር ስለማይሰጥ፣ በመጣበት ዓመት የነበረው መጠን እስከ ዕለተ ሞቱ ሳይነቃነቅ ይኖራል። ከደቡብ አፍሪካ የሚመለሰው ባለሱቅ፣ ማለትም ከአካባቢው ተመላሾች እጅግ የሚበዛው፣ ከእነዚህ አንዱንም አያገኝም። በጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ሃያ ዓመት ቢኖርም፣ የዚያ አገር የአረጋውያን ድጎማ በአገሩ ውስጥ ለሚኖር እንጂ ለወጣ አይደለምና፣ ጡረታው ራሱ ከላብ ያወጣው ገንዘብ ብቻ ነው። ይህንን ልዩነት ሳያዩ «ዲያስፖራ» በሚል አንድ ስም ሁሉን ጠቅልሎ መናገር ብዙ ቤተሰብ አሳስቷል።

ያም ገንዘብ ቢሆን የተቀመጠበት ቦታ ዕጣውን ይወስነዋል። ስደቱ በተጀመረበት ዘመን አንድ ራንድ ከአንድ ብር ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ከዚያ በኋላ የብር ዋጋ በ2002 ዓ.ም. መጨረሻና በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ በመንግሥት ውሳኔ ዝቅ ተደረገ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በተለቀቀ ጊዜ 58 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ራንዱም 7 ብር ገደማ ደረሰ። በውጭ ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው በአንድ ሌሊት የከበረ መሰለው፤ አስቀድሞ ልኮ በብር ያስቀመጠው ወንድሙ ግን ያንኑ ያህል ደከመ። ይሁንና የምንዛሪው ደስታ ዕድሜው አጭር ነው፤ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ መድኃኒቱና የመኪናው መለዋወጫ ሁሉ በዶላር የሚመጡ ስለሆኑ የገበያው ዋጋ የምንዛሪውን እግር እየተከተለ ይወጣል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ወቅት፣ በባንክ ወለድ ብቻ ለመጦር ያሰበ ሰው ገንዘቡ ቁጥሩ ሳይጎድል ኃይሉ ሲያልቅ ተመልክቷል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ተነሥቷል፤ የመብራት ታሪፍም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተደርጓል። እነዚህ ወጪዎች ከውጭ ሲታዩ እጅግ ቀላል ናቸው፤ ገቢው በብር ለሆነ ሽማግሌ ግን ቀላል አይደሉም።

ስለዚህ አብዛኛው ሰው ጥሪቱን በቤት ይተክላል፤ በሆሳዕና የታየው የፎቅና የብሎኬት ቤት ብዛትም አብዛኛው ከስደት ገንዘብ የመጣ ነው። ከፊት የራሱን ቤት፣ ከጓሮ አራት ወይም አምስት ሰርቪስ ክፍል ሠርቶ ማከራየት የአካባቢው እውነተኛ የጡረታ ሥርዓት ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ሲጀምር መምህሩና ሠራተኛው ተከራይ ሆነ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና የአስተዳደር መቀመጫ ስትሆን ደግሞ ሹሙና ጸሐፊው ተጨመረበት። በዚህ ረገድ ሆሳዕና ከዱራሜና ከሾኔ ይልቅ ለአከራይ ትመቻለች፤ ቤት ለሚገዛ ግን ከእነርሱ ይልቅ ትከብዳለች። የኪራይ ገቢ ግን እንደ ደመወዝ የሚታመን አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዐዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ በመንግሥት ተወስኖ እንዲደረግ ይደነግጋል፤ በክልል ከተሞች የሚፈጸመው ክልሎች በሚወስኑት መጠን ነው። ይህ ለተከራዩ ፍትሕ ነው፤ ከተከራዩ ኪስ የሚጦረው ሽማግሌ ግን ከወዲሁ በሒሳቡ ሊያስገባው ይገባል። የንብረት ግብር ዐዋጅም በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ጥሪትን ሁሉ ለታይታ በሚሠራ ፎቅ ላይ አፍስሶ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ብረቱ ወደ ሰማይ እንደ ቆመ ገንዘብ ማለቁ ነው። እንዲህ ያለ ሕንፃ ኪራይ አያመጣም፤ ባለቤቱ ግን በከተማው ዘንድ ባለጸጋ ተብሎ ስለሚቆጠር መዋጮ የሚጠየቀው በባለጸጋ ልክ ነው።

አሁን ወደ ማእዱ እንግባ። በጆሃንስበርግ ወይም በሲያትል የለመዱትን ምግብ በሆሳዕና ገበያ እየገዙ መብላት ርካሽ አይደለም፤ ጤፍ ውድ ነው፤ የቅቤ ዋጋም በመስቀል ሰሞን ሰማይ ይነካል። የአካባቢው የምግብ ርካሽነት ያለው በእንሰት ነው። እንሰት እንደ ደጋውና እንደ ወይናደጋው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ቆሞ ይደርሳል፤ ከእርሱም ቆጮው፣ ቡላውና አሚቾው ይገኛል፤ በጓሮው በየዕድሜው የተደረደረ እንሰት ያለው ቤት፣ ጤፍና ስንዴ ቢወደድ እንኳ ልጆቹ ጦም አያድሩም። ነገር ግን ይህ ምግብ ከላብ ነጻ አይደለም፤ ላቡም የሴት ነው። እናቲቱ መሬት ላይ ተቀምጠው የተቀረፈውን የእንሰት ልባስ በተጋደመ ሳንቃ ላይ አጋድመው፣ ጫፉን ከፍ ባደረጉት እግራቸው ተረከዝ ረግጠው ይዘው፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ሲፍቁ፣ ነጩ ፈሳሽ ከሥር በተነጠፈው ቅጠል ላይ ይወርዳል፤ የተፋቀው በቅጠል በታጠረ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ፣ እየተገለባበጠ ሳምንታትና ወራት ከቦካ በኋላ ተጨምቆና ተከትፎ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይጋገራል። ከሃያ ዓመት ስደት የተመለሰች ሴት ይህን ልትሠራ አትችልም፤ ብትችልም ጉልበቷ አይፈቅድም። ስለዚህ ለፋቂዎች የቀን ዋጋና ምሳ መስጠት፣ ወይም ከገጠር እኅት ጋር የሲሶ ወይም የእኩል ስምምነት ማድረግ ያስፈልጋል። እንሰት አጠውልግ የተባለው በሽታም አለ፤ በአገራችን ጥናት ተደርጎበት በሳይንስ ዓለም የታወቀው በ1960 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው በቢላዋና በማጭድ ስለሚተላለፍ፣ መሣሪያውን በእሳት ሳያቃጥል ከጓሮ ጓሮ የሚዞር የቀን ሠራተኛ የአንድ ቤተሰብ የሰባት ዓመት ሲሳይ ሊያጠፋ ይችላል። ከተማ ውስጥ ፎቅ የሠራና የገጠሩን ማሳ ለወንድሙ ልጅ ትቶ ያልጎበኘ ተመላሽ ርካሹን ኑሮ በገዛ እጁ ጥሎታል ለማለት እደፍራለሁ።

ከምግብ ቀጥሎ፣ እንዲያውም በብዙ ቤት ከምግብ በላይ፣ የሚከብደው የዘመድና የማኅበር ግዴታ ነው። ከደቡብ አፍሪካ ከተመለሱ ባልና ሚስት ቤት በሆሳዕና በተቀመጥሁ ጊዜ፣ እመቤቲቱ የቤት ወጪ የሚጽፉበትን ባለመስመር ደብተር አውጥተው አሳዩኝ። በግራው ገጽ ጤፍ፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ከሰል፣ የካርድ መብራት፣ የሠራተኛ ደመወዝ ተጽፏል፤ በቀኙ ገጽ ደግሞ የአክስት ልጅ መድኃኒት፣ የጎረቤት ለቅሶ፣ የሁለት ሰርግ መዋጮ፣ የአጥቢያው ጸሎት ቤት ቆርቆሮ፣ የምረቃ በግ፣ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ታማሚ መሳፈሪያ። ወሩ ሳይጋመስ የቀኙ ገጽ ሞልቶ ወደሚቀጥለው ዞሯል። ባልየው አጠገባቸው ተቀምጠው፣ «ሎኬሽን ሳለሁ ስልኩን ካላነሣሁት ዝም ይል ነበር፤ እዚህ ግን አጎቴ ራሳቸው ከበር ቆመው እንዴት አላነሣም እላለሁ?» አሉኝ። እመቤቲቱ ደግሞ ደብተሩን ዘግተው፣ «እርሳቸው በታመሙ ጊዜ አልጋ ተሸክሞ ያወጣቸው የዚህ የቀኝ ገጽ ሰው ነው» ብለው መለሱላቸው።

እኔም በዚህ ነገር ከእመቤቲቱ ጋር ነኝ። ብዙ ተመላሾች ይህን ወጪ እንደ ብክነት ቈጥረው በምሬት ይናገሩታል፤ ከፊሎቹም ከእርሱ ለማምለጥ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ላይ ቤት ይገዛሉ። ነገር ግን በውጭ አገር ለአረጋውያን መጦሪያ፣ ለአስታማሚ ሠራተኛ፣ ለቀብር ድርጅት የሚከፈለውን ገንዘብ ያሰበ ሰው፣ ለዕድርና ለዘመድ የሚወጣው የዚያ ምትክ መሆኑን ማየት አለበት። በሐዲያ ለያሆዴ፣ በከምባታም ለመሳላ በዓል ወንዶች ዓመቱን ሙሉ በአነስተኛ መዋጮ ለሠንጋ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶች ቅቤ በተራ እየሰበሰቡ ያስቀምጣሉ፤ በዚህ ማኅበር ውስጥ ያለ ሽማግሌ ብቻውን አይበላም፤ ብቻውንም አይታመምም። የሚያስፈልገው ልክ ማበጀት ነው። ከወር ገቢው ለዘመድ የሚሆነውን ድርሻ አስቀድሞ ለይቶ፣ ለዕድርና ለቅሶ ሳያጓድል ሰጥቶ፣ ለንግድ መነሻ ወይም ለሌላ ስደት መንገድ የሚጠየቀውን ብድር ግን በግልጽ እንቢ ማለት የቻለ ሰው ተከብሮ ሲኖር ይታያል። ለልጅ ወይም ለወንድም ልጅ ስደት ለደላላ የሚከፈለውን ገንዘብ መስጠት ግን፣ ቴቴ ላይ የሆነውን እያወቁ ከሆነ፣ ወጪ ብቻ ሳይሆን በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕክምና የሁሉ ፈተና ነው። በሆሳዕና በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ለአካባቢው ሕዝብ ትልቅ መድኅን ሆኗል፤ በዱራሜም ሆስፒታል አለ፤ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የታቀፈ ቤተሰብም በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ ይታከማል። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለበት ሰው፣ የለመደውን መድኃኒት በተመሳሳይ ስምና መጠን በከተማው መድኃኒት ቤቶች ዘወትር የሚያገኝ መሆኑን ሳያረጋግጥ መመለስ የለበትም። የልብ ቀዶ ሕክምናና የካንሰር ሕክምና የሚያስፈልገው ግን ከወዲሁ አዲስ አበባን ማሰብ ግድ ይሆንበታል፤ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ እንደ ነበር የሚረሳ አይደለም። ከሆሳዕና አዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በሽተኛና አስታማሚ ሲመላለሱ የመሳፈሪያው፣ የአልጋውና የምግቡ ወጪ ከሐኪሙ ይበልጣል። በየወሩ እየቀነሰ ያጠራቀመው የሕክምና ገንዘብ የሌለው ሰው ያከራየውን ክፍል ለመሸጥ የሚገደደው በዚህ ጊዜ ነው።

የሕጉ ነገር ብዙ አያከራክርም። ኢትዮጵያ በዐዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ግን በዐዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አውጥቶ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤትም ያፈራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። በጥገኝነት ወረቀት የኖረው የሳውዝ ተመላሽ ዜግነቱን አልለወጠምና ይህ መታወቂያ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ሲወጣ ወደዚያ የመመለሻ በር እንደሚዘጋበት ማወቅ አለበት። ቤቱን በወንድሙ ስም ያሠራ ሰው ደግሞ ወደ ራሱ ስም ሳያዛውር ጡረታ አይውጣ፤ በከተሞቹ ፍርድ ቤቶች ወንድማማች ከሚያጣሉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

በባልና በሚስት መካከል ያለው ልዩነት በግልጽ አይነገርም እንጂ ብዙ ቤት ያናጋል። ባል በተወለደበት ከተማ በሽምግልና ወንበር ይቀመጣል፤ ዳኝነት ይጠየቃል፤ በአደባባይ ይከበራል። ሚስት ግን በውጭ አገር የለመደችው የቧንቧ ውኃ፣ የጋዝ ምድጃና የራሷ ገቢ ቀርቶባት፣ በእንግዳ ብዛት ከማጀት አትወጣም፤ ልጆቿም የተወለዱት ጆሃንስበርግ ወይም ዴንቨር ስለሆነ አማርኛውንም ሐዲይኛውንም በቅጡ አይናገሩም፤ የልጅ ልጅ ለማየትም የአውሮፕላን ትኬት ያስፈልጋል። ይህ ትኬት በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ የሚወጣ ቋሚ ወጪ ሆኖ መቈጠር አለበት፤ የሆሳዕና ኪራይ ገቢ በብር፣ ትኬቱ ግን በዶላር ነውና። የውኃ ሮቶ፣ ጥሩ ምድጃና የቤት ሠራተኛ ከፎቁ ጌጥ በፊት መምጣት ያለባቸው ለዚህ ነው፤ የሚስት ፈቃድ የሌለበት መመለስ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቤተሰቡን በሁለት አገር ከፍሎ ሁለት ቤት ማስተዳደርን ያስከትላል።

ለመወሰን የሚያመነታ ሰው አገሩን በደንብ የሚያይበት ወቅት ደግሞ መስቀል አይደለም። አብዛኛው ሰው ፈቃድ የሚወስደው በመስቀል ሰሞን ስለሆነ፣ አደይ አበባው በሜዳ፣ ሠንጋው በየደጁ፣ ዘመድ በሙሉ በሳቅ ተሰብስቦ ሳለ ያየውን ኑሮ የዓመቱ ኑሮ አድርጎ ይወስደዋል፤ በዚያ ደስታ ላይም መሬት ይገዛል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ሆሳዕና የሐምሌና የነሐሴ ብርድ አጥንት ይዘልቃል፤ የኮረኮንች መንገዱ ይጨቀያል፤ መብራት ይጠፋል፤ እህል ይወደዳል፤ ለቅሶም ይበዛል። ስለዚህ ባልና ሚስት ቤት ከመሥራታቸው በፊት ሁለት ክፍል ተከራይተው ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ቢቀመጡ፣ የራሳቸውን ገበያ ራሳቸው ቢሸምቱ፣ በዕድሩ ገብተው ለቅሶ ቢደርሱ፣ የግራውንና የቀኙን ገጽ በየዕለቱ ቢጽፉ፣ ከጥሪታቸው ምን ያህሉ ለቤት፣ ምን ያህሉ ለእንሰት ማሳና ለሐኪም መቀመጥ እንዳለበት ያውቃሉ።